ከመሸጣችን በፊት እንጻፈው

(በማኅበራችን የሩብ ዓመት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)




እዚህ መድረክ ላይ ስንቆም ብዙ ጊዜ የምናቀርበው የቁጠባና የብድር ሪፖርት ነው። ዛሬ ሪፖርቱ ታትሞ በእጃችሁ ስላለ የተሰጠንን ጊዜ ለሌላ ጉዳይ እንጠቀምበታለን። ጉዳያችን በየቤታችን ያለው የቆየ ዕቃ ነው፤ ከእናት የወረስነው ድሪ፣ የአያት መስቀል፣ የቀንድ ዋንጫ፣ ጠገራ ብር፣ የብራና መጽሐፍ፣ ግድግዳ ላይ የከረመ ሥዕል። እነዚህን መሸጥ ግድ ሲሆንብን እንዴት እንሸጣለን? ዋጋውን ማን ይቆርጣል? የትኛውንስ መሸጥ የለብንም?

ይህን ርእስ የመረጥነው ከራሳችን ስሕተት ተነሥተን ነው። ስለዚህ ከስሕተቱ እንጀምር።

2017 ዓ.ም. ሲገባ ካዛንቺስ እንዴት እንደነበረች ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ሰፈሩ ሲነሣ በአንድ ግቢ ዕድሜውን ሙሉ የኖረ ሰው ዕቃውን በጭነት መኪና አስጭኖ ወደ አዲስ ሰፈር ሄዷል። በዚያ ሰሞን ከተለመደው ቆራሌው ሌላ የድሮ ዕቃ ፈላጊዎች በየበሩ ይዞሩ ነበር። ቁም ሣጥኑንም፣ ብረት ድስቱንም፣ የብር ጌጡንም ይገዛሉ፤ ገንዘቡን እዚያው ቆጥረው ይሰጣሉ። ለሚነሣ ሰው በእጅ የሚቆጠር ገንዘብ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ቀን ከማኅበራችን መሥራቾች አንዷ የሆኑ እናት ወደ ቢሯችን መጡ። በመሐረብ የቋጠሩትን የብር ድሪ ከነመስቀሉ ጠረጴዛው ላይ ፈቱት። “ልጆቼ፣ እናንተ ሒሳብ ታውቃላችሁ። ሰውየው በግራም ሊገዛኝ ነው፤ እንዳያታልለኝ አስሉልኝ” አሉን። ገንዘቡን የፈለጉት ለጭነት መኪናና ለአዲሱ ቤት በር ማሠሪያ ነው። እኛም ሚዛን ተውሰን መዘንን፣ የብርን የዕለቱን ዋጋ ጠየቅን፣ አባዛን። “እማማ፣ የተባሉት ዋጋ ትክክል ነው” አልናቸው። ሄደው ሸጡት።

ስሌታችን አንድ ሳንቲም አልተዛነፈም። ነገር ግን የጠየቅነው “ስንት ግራም ነው?” ብለን ብቻ ነበር። ማን ሠራው፣ የት ተሠራ፣ ለማን ተሠራ ብለን አልጠየቅንም። ፎቶግራፍ እንኳ አላነሣነውም። ከወራት በኋላ የልጅ ልጃቸው ለሰርጓ ድሪውን ስትጠይቅ እማማ ማውራት ጀመሩ። አባታቸው ጠገራ ብር ቆጥረው ለአንጥረኛ ሰጥተው ለእናታቸው ሰርግ ያሠሩት ኖሯል። አንጥረኛውን በስም ያውቁታል፤ ሰርጉ የተደረገበትንም ዓመት ያውቃሉ። ያን ጊዜ ይህ ሁሉ ታሪክ ቢሯችን ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እኛ ግን ሚዛኑን እንመለከት ነበር።

እናንተም “ታሪኩ ቢታወቅ ዋጋው ይጨምር ነበር ወይ?” ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። በሐራጅ የሚሸጥ የቆየ ዕቃ ሁሉ የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ከሁሉ በፊት ከራሳችን ታሪክ የታወቀውን ሐራጅ እናንሣ።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘረፈ። የተዘረፈው ንብረት በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ። እዚያም ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን በሐራጅ ተሸጠ። ከሽያጩ የተገኘው 5,000 ፓውንድ ገደማ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ዘውድ፣ መስቀል፣ ጽዋ፣ የብራና መጽሐፍ፣ አልባሳት፣ ጋሻ ሜዳ ላይ ተዘርግተው በሁለት ቀን አለቁ።

ከዋናዎቹ ገዢዎች አንዱ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው የነበረው ሪቻርድ ሆምዝ ነው። ሆምዝ አምባው በተያዘበት ዕለት አንድ ወታደር የጳጳሱን ዘውድና አንድ የወርቅ ጽዋ ይዞ አገኘው። ጽዋው ብቻ እሱ ራሱ እንደ ጻፈው ቢያንስ 6 ፓውንድ፣ በእኛ ልኬት 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ በ4 ፓውንድ ገዛቸው። ወታደሩ የያዘውን አላወቀም፤ ሆምዝ ያውቃል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የወሰደው የሚያውቀው ነው። እውነተኛው ባለቤት ደግሞ ከሁለቱም አልነበረም፤ ንብረቱ የተዘረፈ ነበርና።

ሆምዝ ኵርዓተ ርእሱ የሚባለውን፣ ነገሥታቱ ወደ ጦር ሜዳ ይዘውት ይወጡ የነበረውን የክርስቶስ ሥዕል ለራሱ አስቀረው። ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ1917 ለንደን ውስጥ በክሪስቲስ የሐራጅ ቤት ተሸጠ። በ1950 እንደገና ተሸጦ ወደ ፖርቱጋል ሄደ። እስከ ዛሬም አልተመለሰም።

ይህ ጉዳይ የአያቶቻችን ዘመን ወሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 በእንግሊዝ ዶርሴት አውራጃ አንድ የሐራጅ ቤት ከመቅደላ የተወሰደ የብራና መጽሐፍና ከቀንድ የተሠሩ ዋንጫዎች ለሽያጭ አቅርቦ ነበር። የኢትዮጵያ ኤምባሲ ሲቃወም ከጨረታው ወጡ። ሸሀራዛድ የተባለ ፋውንዴሽን ገዝቶ በዚያው ዓመት መስከረም ለኤምባሲያችን አስረከበ። በ2024 ደግሞ በኒውካስል ከተማ አንድ ጋሻ ለሐራጅ ቀረበ። ጋሻው ላይ “መቅደላ” የሚል ስምና ወታደሮቹ አምባውን የያዙበት ቀን ተቀርጾበታል። ሽያጩ ቀርቶ ጋሻው በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ።

ይህን ጋሻ ልብ በሉት። ጽሑፉን ያስቀረጹት ወሳጆቹ ናቸው፤ ለነሱ የድል ማስታወሻ ነበር። ከ150 ዓመት በኋላ ያው ጽሑፍ ከየት እንደተወሰደ ምስክር ሆነበት። ዕቃ የተጻፈ ታሪክ ሲኖረው ለሕጋዊ ባለቤቱ ዋጋ ይጨምርለታል፤ የተሰረቀም ከሆነ ሌባውን ያጋልጣል። ሁለቱም ለእኛ ጥቅም ነው።

ታሪኩ በሕጋዊ ባለቤቱ እጅ ሲኖር ምን እንደሚሆን ለማየት ደግሞ ከአሜሪካ አንድ ምሳሌ እናምጣ። እዚያ አገሪቱ ገና በተመሠረተችበት ዘመን የተሠሩ ወንበሮችና ጠረጴዛዎች በሐራጅ ይሸጣሉ። በሮድ አይላንድ ግዛት የሚኖር ብራውን የሚባል የነጋዴ ቤተሰብ በ1760ዎቹ ኒውፖርት ከተማ ውስጥ የተሠራ መጽሐፍ መደርደሪያ ያለው የመጻፊያ ጠረጴዛ ነበረው። ቤተሰቡ የቆየ መኖሪያ ቤቱን ለማሳደስ ገንዘብ ሲያስፈልገው እ.ኤ.አ. በ1989 ኒውዮርክ ውስጥ በሐራጅ አወጣው። በ12.1 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

እንጨት ነው። በኪሎ ቢመዘን የማገዶ ዋጋ ነው ያለው። ይህን ያህል ያወጣው በጣም ጥሩ ባለሙያ ስለሠራው፣ ደግሞም ከተሠራበት ጊዜ አንሥቶ ከአንድ ቤተሰብ እጅ ስላልወጣና ይህም በማስረጃ ስለሚታወቅ ነው። ያም ቤተሰብ እንደ እማማ ለቤት ጉዳይ ነው የሸጠው። ልዩነቱ ሲሸጥ ታሪኩን በወረቀት መያዙና ብዙ ፈላጊ በአንድ ቀን ፊት ለፊት መገናኘቱ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ሐራጅ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የተሰጠ ዣንጥላ ወይም ሥዕል “ማን ይጨምራል?” እየተባለ ሲሸጥ አይተናል። ባንክም መያዣ ሲሸጥ በጋዜጣ የሐራጅ ማስታወቂያ ያወጣል። የሐራጅ ጉልበቱ ፈላጊዎችን እርስ በርስ ማፎካከሩ ነው። በር ድረስ የሚመጣ ገዢ ብቻውን ስለሆነ የሚፎካከረው ከእኛ ችግር ጋር ነው።

ትልልቆቹ የሐራጅ ቤቶች ሲሠሩ አስቀድመው ዕቃውን አይተው ግምት ይሰጣሉ፤ ለምሳሌ “ከዚህ እስከዚህ ያወጣል” ይላሉ። ከሻጩ ጋር ደግሞ ከዚህ በታች አይሸጥም የሚባል ዝቅተኛ ዋጋ በምሥጢር ይስማማሉ። ተጫራቾች ዕቃውን ቀድመው እንዲያዩት ፎቶግራፉና ታሪኩ ታትሞ ይወጣል። በጨረታው ቀን መዶሻው ሲመታ ሽያጩ ይጸናል።

የመዶሻው ዋጋ ግን ሻጩ ኪስ የሚገባው አይደለም። በቀላል ቁጥር እናስላው። ዕቃው በ10,000 ብር ተሸጠ እንበል። የሐራጅ ቤቱ ከሻጩ 10 በመቶ ኮሚሽን ይወስዳል ብንል 9,000 ይቀራል። ለማጓጓዣና ለፎቶግራፍ 500 ቢወጣ ሻጩ የሚያገኘው 8,500 ነው። ገዢውም በመዶሻው ዋጋ ላይ ተጨማሪ ይከፍላል፤ ይህ በትልልቆቹ ቤቶች ከሩብ የሚቀራረብ ነው። 25 በመቶ ብንወስድ ገዢው 12,500 ከፈለ ማለት ነው። ገዢው በከፈለውና ሻጩ ባገኘው መካከል 4,000 ብር አለ። ስለዚህ ማንም “እኔ ላሽጥልሽ” ሲላችሁ “ከኔ ስንት ትወስዳለህ? ከገዢውስ?” ብላችሁ ሁለቱንም ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

ቀጥሎ ሐቀኝነትን እናንሣ፤ ታሪክ ዋጋ አለው ስንል ታሪክ እንፍጠር ማለታችን አይደለም። ጠገራ ብርን ውሰዱ። አብዛኛው ማርትሬዛ 1780 የሚል ዓመት ተጽፎበታል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን በተለያዩ ከተሞች ሲመታ ዓመቱ አልተለወጠም። ስለዚህ ዓመቱን አይቶ “ይህ ሳንቲም በ1780 የተሠራ ነው” ማለት አይቻልም። አንዱ ሳንቲም 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ 23.4 ግራም ገደማው ንጹሕ ብር ነው። ይህን ያወቀች ሻጭ ቢያንስ ከብሩ ዋጋ በታች አትወርድም። እንዲሁም ዛሬ የተጻፈን ብራና በጭስ አጥቁረው “ጥንታዊ ነው” ብለው ለቱሪስት የሚሸጡ አሉ። ከኛ ማኅበር እንዲህ ያለ ሥራ መውጣት የለበትም። አዲስ ከሆነ አዲስ ነው እንበል፤ የእጅ ሥራ በራሱ ያስከብራል።

ሥዕልም እንዲሁ ነው። እዚሁ ቂርቆስ ውስጥ በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሰፋው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል አለ። ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደሠራው፣ ምን እንደሚል ተጽፎ ይታወቃል። አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ የሣለችው አንድ ሥዕል እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ኒውዮርክ ውስጥ በሶዝቢስ የሐራጅ ቤት በ10.7 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። የኛ ልጆች ዋጋ እዚያ ይድረስ አይድረስ አንልም። ነገር ግን የሚሥሉ ልጆች ያሏችሁ እናቶች፣ በሥዕሉ ጀርባ ስማቸውን፣ ዓመቱንና ሰፈሩን እንዲጽፉ አድርጉ። ስም የሌለው ሥዕል ነገ ማንም የኔ ነው ቢለው መልስ የለውም።

መሸጥ የሌለበትስ? እዚህ ላይ ሕጉ ግልጽ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንደሚለው ቅርስ በግለሰብ እጅ ሊኖር ይችላል፤ ባለይዞታው ግን ሊያስመዘግበውና ሊጠብቀው ይገባል። ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣት የተከለከለ ነው። ስለዚህ የቆየ የብራና መጽሐፍ፣ ጥንታዊ መስቀል ወይም ጋሻ በእጃችሁ ካለ ከገዢ በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን አነጋግሩ። ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ የወጣ የሚመስል ዕቃ “ያዥልኝ” ተብሎ ቢመጣላችሁ አትቀበሉ። መቅደላን እያነሣን ስናዝን፣ ነገ በኛ እጅ ያለፈ ዕቃ ሌላ አገር ሐራጅ ላይ እንዳናየው።

እናቶቻችን፣ እህቶቻችን፣
ከዚህ በኋላ ምን እናድርግ? የሒሳብ ክፍሉ ሦስት ነገር አቅርቧል።

አንደኛው መዝገብ ነው። የምትፈልግ አባል ዕቃዋን ይዛ ትምጣ። ፎቶግራፉን ከፊትም ከኋላም እናነሣለን፤ ከጎኑ ማስመሪያ እናስቀምጣለን። ከምን እንደተሠራ፣ ክብደቱን፣ የተሰበረ ወይም የተጠገነ ካለ እንጽፋለን። ከዚያ ባለቤቷ እየተናገረች ታሪኩን በራሷ ቃል እንጽፋለን፤ ከማን እንዳገኘችው፣ መቼ፣ ለምን ጉዳይ። አንድ ቅጂ ለእሷ፣ አንድ ቅጂ ለማኅበሩ። አደራ፣ ከመምጣታችሁ በፊት ብሩን በአመድም ሆነ በኬሚካል አታጽዱት። የቆየ ዕቃ ዕድሜው በገጹ ላይ ስለሚታይ ሲፈገፈግ ዋጋውም አብሮ ይታጠባል።

ሁለተኛው የሽያጭ ቀን ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ መሸጥ የሚፈቀደውንና አባላት ሊሸጡት የወሰኑትን ዕቃ፣ ከእጅ ሥራዎቻችን ጋር፣ በዚሁ አዳራሽ በግልጽ ሐራጅ እናቅርብ። ሻጯ ዝቅተኛ ዋጋዋን በፖስታ አሽጋ ትሰጠናለች። ያ ዋጋ ካልተገኘ ዕቃው ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ይህ ኪሳራ አይደለም። ማኅበሩ የሚወስደውን ኮሚሽን ጠቅላላ ጉባኤው ይወስን፤ በግድግዳም ይለጠፍ።

ሦስተኛው፣ ለደጋፊዎቻችን በተለይ የምናቀርበው፣ የችግር ጊዜ ብድር ነው። እውነቱን እንናገር፤ እማማ ድሪውን የሸጡት ዋጋውን ስላላወቁ ብቻ አልነበረም። የጭነት መኪናው በማግሥቱ ይመጣ ነበር። ቸኩሎ የሚሸጥ ሰው በየትኛውም ሐራጅ ተሸናፊ ነው። ያን ሳምንት ማኅበራችን በአንድ ቀን የሚለቀቅ አነስተኛ ብድር ቢኖረው ኖሮ እኛም ሚዛን ባልተዋስን ነበር። የአሁኑ የብድር ደንባችን ስድስት ሳምንት ያስጠብቃል። ደንቡን ለማሻሻል ረቂቅ አዘጋጅተናል፤ መነሻ ገንዘቡን ግን ከቁጠባችን ብቻ ማውጣት አንችልም። ደጋፊዎቻችን በዚህ ብታግዙን የምታድኑት በብዙ ትውልድ እጅ የመጣን ንብረት ነው።

በመጨረሻም መዝገቡን እንደጀመርነው እናሳውቃችሁ። የመጀመሪያው ገጽ የተሞላው በእማማ ድሪ ነው። ዕቃው የለም፤ ክብደቱን ግን እኛው መዝነነው ስለነበር ከማስታወሻ ደብተራችን አገኘነው። በፎቶግራፉ ቦታ እናታቸው ድሪውን አድርገው የተነሡትን አንድ የሰርግ ፎቶ ለጥፈናል፤ ደብዛዛ ነው፣ ግን ይታያል። የአንጥረኛው ስም፣ የሰርጉ ዓመት፣ የጠገራው ብዛት ሁሉ በእማማ ቃል ተጽፏል። ሲጨርሱ ማንበብ ስለማይችሉ ጮክ ብለን አነበብንላቸው። “አሁን ልጅቱ መጥታ ብትጠይቅ የምታገኘው አለ” አሉና ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ።

ከፊታቸው ይቅርታ ጠይቀናል፤ ዛሬ ደግሞ በእናንተ ፊት። ሁለተኛው ገጽ ባዶ ነው። ከስብሰባው በኋላ ቢሯችን ክፍት ስለሆነ ኑና አስጽፉ።